የኦድሪ ሄፕበርን ምሽት በደሴ፦ ዕቅዱን አብረን እንጨርሰው

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ቅዳሜ ፒያሳ ሻይ ላይ ያነሳነውን በጽሑፍ ላስቀምጠው። የፊልም ምሽት እናዘጋጅ፤ ገቢው ለውዝዋዜ ልጆቻችን ይሁን። የመረጥኩት የፊልም ተዋናይቷን የኦድሪ ሄፕበርንን ሕይወት ነው። ብዙዎቻችሁ እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣው "ሮማን ሆሊዴይ" ታውቋታላችሁ፤ ኦስካር የወሰደችው በሱ ነው። የልጅነት ሕልሟ ግን ባሌት ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ሆላንድ ውስጥ አርንሄም ነበረች። መስኮት ተሸፍኖ፣ ቤት ውስጥ ትጨፍራለች፤ የሚሰበሰበው ገንዘብ ናዚን ለሚታገሉት ይሄዳል። ጀርመኖቹ እንዳይሰሙ ተመልካቹ አያጨበጭብም። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ ረሃብ ገባ፤ ሰው የቱሊፕ አበባ ሥር ሳይቀር በላ። እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን፣ የባሌት አስተማሪዋ ማሪ ራምበርት ዘንድ ስትማር ቁርጡን ነገሯት። ቁመቷ ረዝሟል፣ ረሃቡም ሰውነቷን ጎድቶታል፤ ዋና ባሌሪና አትሆንም። በሙዚቃ ቲያትር ከአጃቢ ጨፋሪዎች አንዷ ሆነች። በፊልም የታወቀችው ከዚያ በኋላ ነው።

የኮምቦልቻው አባል፦
ታሪኩ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ወሎ ላይ ተቀምጠን ረሃብን ከፈረንጅ ተዋናይት እንስማ? እናቴ በ77 ኮረም መጠለያ የገባች ልጅ ናት። የሷን ማን ጠየቃት?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ልክ ነህ ወንድሜ፣ ይሄ አምልጦኛል። ኦድሪ ራሷ ጦርነቱ ሲያበቃ የእርዳታ ምግብ በልታ ያገገመች ልጅ ናት። በ1980 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ለዩኒሴፍ የመጀመሪያ የመስክ ጉዞዋን ያደረገችውም ወደኛ አገር ነው፤ መቀሌ የሕፃናት ማሳደጊያ ድረስ ሄዳለች። እናትህ ፈቃዳቸው ከሆነ ከፊልሙ በፊት እሳቸው ይናገሩ። ጊዜ አንገድብባቸውም።

አሰልጣኟ፦
እኔ በጀቱ ላይ ነው ጥያቄዬ። መጀመሪያ የተጻፈው የመድረክ ልብስ ነው። ባለፈው ሐሙስ አንዲት ልጅ እስክስታው መሃል ላይ ቁጭ አለች። ያመማት መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ብጠይቃት ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ጓደኛዋ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት። ስትቀበላት እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አብሽሪ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ሌላ የምለው አላገኘሁም። ኦድሪን ከባሌት ያስቀራት ይሄው ነገር አይደል? ልብሱ ይቆይ። ከልምምድ በፊት ዳቦና ሻይ ይቅደም፣ ከተገኘም እንቁላል። ቀጥሎ ወለሉ። ሲሚንቶ ላይ መዝለል የልጆቹን ጉልበት እየጨረሰው ነው፤ ጣውላ ቢቀር ወፍራም ምንጣፍ ይነጠፍ።

ገንዘብ ያዡ፦
እስማማለሁ። ልብስ ለጊዜው እንዋስ። ትኬቱ ርካሽ ይሁን፣ ተማሪ በነፃ ይግባ። ፕሮጀክተር አለን። ጄኔሬተር ግን የግድ እንከራይ፤ መብራት መሃል ላይ ቢሄድ ሰው ይበተናል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ "የምሽቱ ገቢ በቅድሚያ ለሠልጣኞች ምግብ፣ ቀጥሎ ለመለማመጃው ወለል ይውላል። ዝግጅቱን የሚከፍቱት ከ77 ረሃብ የተረፉ እናት ናቸው።" ዳቦ ቤት የሚያነጋግር ሰው ዛሬውኑ እጁን ያውጣ።

አሰልጣኟ፦
እኔ አለሁ። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።

የኮምቦልቻው አባል፦
እናቴን ጠየቅኳት። መጀመሪያ ዝም አለች። ቆይታ "ልጆቹ በልተው ነው የሚጨፍሩት?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ትመጣለች። ደሴ ድረስ ይዣት የምወጣው እኔ ነኝ።