መልአክ ቲሸርት ላይ፦ ይሁን ወይስ ይቅር?

ባለ ስክሪኑ፦
እንዴት ዋላችሁ ወገኖች። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የዲዛይንና የኅትመት ቤት አለችኝ። ባነር፣ ስቲከር፣ የሠርግ ጥሪ፣ ሎጎ፣ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን እንጀራዬ አንድ ቲሸርት ነው። ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ መላእክት የአንዱን ፊት ከፎቶ ላይ አነሳሁ። በኢለስትሬተር፣ በኮምፒውተር የመሣያ ፕሮግራም፣ መስመሩን ተከትዬ አወጣሁት። በስክሪን አተምኩት። ቱሪስቱም የሰፈር ልጁም ይወስደዋል።

አሁን ሁለት ነገር ገጠመኝ። ጠጅ ቤት ሊከፍት ያሰበ ደንበኛ መጣና «ያንኑ መልአክ ለምልክት ሰሌዳዬ አድርግልኝ፤ ብርሌዎቹም ላይ ይግባ» አለኝ። ሁለተኛው የቤቴ ጣጣ ነው። ቀለም የፈሰሰበት አንድ የተበላሸ ቲሸርት ቤት ወስጄ ነበር። እህቴ ወለል መወልወያ አደረገችው። እናቴ ያንን ስታይ ከእጇ ነጠቀቻት። አጠበችው፣ አጣጠፈችው፣ ሣጥኗ ውስጥ ከነጠላዋ ጋር አስቀመጠችው። እህቴን ተቆጣች። እኔን ግን ይኸው ሦስት ቀን፣ ቃል አልተነፈሰችኝም።

ቅርሳችን ነው፣ እንሥራበት? ወይስ እጅ የማይነካው ነገር አለ? ንገሩኝ። ስድቡ ብቻ ይቅር።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እናትህ ፈርዳለች እኮ፣ ወንድሜ። ከእኛ ምን ትፈልጋለህ?

እሺ፣ ልንገርህ። አንተ «ዲዛይን» የምትለው ለእኛ ሥዕለ አድኅኖ ነው። መጋረጃ ይጋረድለታል፣ ይታጠናል፣ ፊቱ ይጸለያል። እነዚያ ፊቶች ጣሪያ ላይ የሆኑት ሰው ቀና እንዲል ነው። አንተ ከላይ አውርደህ ሆድ ላይ ለጠፍካቸው። ለባሹ ሽንት ቤት ይገባል፣ ይሰክራል፣ ይጣላል። ሲያረጅ ደግሞ መጨረሻውን በቤትህ አየኸው። ብርሌ ላይማ አታድርገው። ጠጅ የተደፋበት መልአክ አስበው እስቲ።

የአዘዞ ልጅ፦
ትልቁ መጠን አለ? ጥቁሩን።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ይኸው። ክርክሩ ሳያልቅ ገበያው ቆመ።

አስጎብኚው፦
እኔ ሃያ ዓመት ያህል እዚያ ጣሪያ ሥር ቆሜ «እባካችሁ ፍላሽ አታብሩ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ሥዕሉን አትወድም እንዳትሉኝ።

እንግዳው ከውስጥ ሲወጣ ዓይኑ ይቀላል። አንዳንዱ ያለቅሳል። ከዚያ አንድ ነገር ይዤ ልሂድ ይላል። ሱቁ ምን ይሸጥለታል? ቀጭኔ የተቀረጸበት የቁልፍ መያዣ! ጎንደር ተወልጄ አድጌ ቀጭኔ አይቼ አላውቅም። የገዛ ከተማችንን ምስል የሚሠራ ልጅ ሲገኝ ደግሞ «እጅህን ሰብስብ» እንለዋለን።

ጨርቅ ላይ መሆኑ ነው የከበደህ? የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥዕሎችም እኮ ጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ጋሼ፣ ከይቅርታ ጋር፣ ጆንያም ጨርቅ ነው፣ የታቦት መጎናጸፊያም ጨርቅ ነው።

አስጎብኚው፦
እሷን ወድጃታለሁ። ግን አልመለስክልኝም።

የሕግ ተማሪ፦
በሕግ በኩል ትንሽ ልበል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 የሥራ አመንጪውን የኢኮኖሚ መብት የሚጠብቀው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ጊዜያቸው ካለፈ ብዙ ቆየ። ስለዚህ በዚህ አዋጅ የሚከስህ ወራሽ አይመጣም።

እኔን የሚያሳስበኝ ጠጅ ቤቱ ነው። የንግድ ምልክት አዋጅ 501/1998 አለ። ሰውየው ነገ ያንን ፊት «ምልክቴ ነው» ብሎ ሊያስመዘግብ ቢሄድስ? ከዚያ ሌላውን «የኔን መልአክ ሰረቅከኝ» ሊለው ነው?

የአዘዞ ልጅ፦
መልአክ ሲሰረቅ ፖሊስ ጣቢያ ማመልከት ነው እንግዲህ።

ሰዓሊዋ፦
ዝም ልል ነበር። ግን «ቅርስ» የሚለው ቃል ሲበዛ ያንገበግበኛል። ትንሽ ይረዝማል፣ ቻሉኝ።

የጎንደር ሠዓሊ ከሰማይ አልወረደለትም። እሱም የሌላ ሰው ሥዕል እያየ ነው የሠራው። ሮም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1590ዎቹ መጀመሪያ የታተመ የዓረብኛ ወንጌል ነበር። ሥዕሎቹን የነደፈው አንቶኒዮ ቴምፔስታ ይባላል። ያ ኅትመት እኛ ዘንድ ደርሶ የጎንደር ብራና ሠዓሊዎች ተጠቅመውበታል። ልጇን ታቅፋ እጆቿን ያጣመረችው እመቤታችንም፣ መነሻዋ ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችው ሥዕል ናት። በኢየሱሳውያን በኩል ነው ቅጂዋ የመጣው። ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን አባረሩ። ሥዕሏ ግን ቀረች።

ግን ሠዓሊዎቻችን ምን አደረጉ? አጎንብሰው መስመር አልተከተሉም። ፊቷን የኛ ፊት አደረጉት። ዓይኑን አሰፉት። ልብሱን በአበባና በወርቅ ዘርፍ ሞሉት። መደቡን ጠራርገው ቀይና ቢጫ ቀቡት። በእቴጌ ምንትዋብ ጊዜ ደግሞ ሌላ እጅ መጣ፤ ፊት ላይ ጥላ ገባ፣ ጉንጭ ሞላ፣ መደቡም ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ ብሎ መሟሟት ጀመረ። እቴጌይቱም ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ውስጥ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ራሷን አሥላለች። ይኼ ሁሉ ለውጥ የገባው እዚያው ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው። ማንም «ቅርስ ነው፣ አትንኩ» አላላቸውም።

ስለዚህ ልጄ፣ በኔ በኩል ኃጢአትህ መልአክ መንካትህ አይደለም። ምንም አልጨመርክበትም! ፎቶ ላይ ሄደህ በማውስ ተከተልከው። የዚያ ሠዓሊ መስመር አንድ ወጥ ውፍረት የለውም፤ ቅንድብ ላይ ይወፍራል፣ አፍንጫ ላይ ይሳሳል። ያንተ ኢለስትሬተር ሁሉንም እንደ ሽቦ እኩል አደረገው። ቲሸርቱን አይቼዋለሁ። መልአኩ የታመመ ይመስላል።

ባለ ስክሪኑ፦
እትዬ፣ የኋለኛው አመመኝ። እውነት ስለሆነ ነው መሰለኝ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እትዬ ሰዓሊ፣ ታሪኩን ተቀበልኩ። ግን እነሱ የወሰዱትን ለቤተ መቅደስ ነው የሠሩት። ከጸሎት ወደ ጸሎት። ይኼ ከጸሎት ወደ ገበያ ነው። መንገዱ አንድ አይደለም።

ሰዓሊዋ፦
ይኼ ጥሩ መልስ ነው። ላስብበት።

ከለንደን፦
ከሩቅ ሆኜ እያነበብኩ ነው። ያንን ቲሸርት ዘመዴ ልኮልኛል። አንድ ቀን ባቡር ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው ትክ ብሎ አየኝና በአማርኛ «ጎንደር ነህ?» አለኝ። ቲሸርቱ ላይ ፊደል የለም፣ ባንዲራ የለም። ያ ዓይን ብቻ ነው። እስከምወርድበት ጣቢያ ስናወራ ሄድን። የታመመ መልአክም ቢሆን ለኔ ሠርቶልኛል።

ሌላም ነገር አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት መጻሕፍት ሰብስበው መቅደላ ወሰዱ። በ1860 እንግሊዞች ከመቅደላ ጫኑት። 350 ያህል ብራና ለብሪቲሽ ሙዚየም ገባ፤ አሁን ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው ያለው። ብዙዎቹ በዲጂታል ተነስተዋል። እዚህ ያለ ማንም ዲዛይነር ቡና እየጠጣ የኛን መጻሕፍት ገልብጦ ያያል። ያኔ የጎንደር ልጅ ብቻ «አትንካ» ሊባል ነው?

ሰዓሊዋ፦
አንተ ከለንደን ካነሳኸው እኔ የፓሪሱን ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የዳካር-ጅቡቲ ተልእኮ እዚሁ ጎንደር ነበር። የአባ እንጦንዮስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው ላይ አስላጠ። ጨርቅ ላይ ስለሆኑ መላጡ ተቻለ። በምትካቸው የራሳቸው ሠዓሊ የሠራውን ቅጂ ለጠፉ። ዋናዎቹ አሁን ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። «አዲስና ደማቅ ሥዕል እንሰጣችኋለን» ነበር ነገሩ። ለዚህ ነው ቅጂ ሲባል ጆሮዬ የሚቆመው።

አስጎብኚው፦
ይኼን ለእንግዶች ስናገር ፈረንሳዮቹ መሬት መሬት ያያሉ።

የወለቃዋ፦
ሁላችሁም «ቅርሳችን» ትላላችሁ። የማን እንደሆነ ግን አንድም ሰው አልጠየቀም።

እኔ እዚሁ ጎንደር አጠገብ፣ ወለቃ መንገድ ዳር ሸክላ እሸጣለሁ። ያቺን ትንሽ የሸክላ አንበሳ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ያንን ሥራ የጀመሩት ቤተ እስራኤሎች ናቸው። ማሰሮውን የሚገዛቸው ሰው መልሶ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። አብረዋቸው ማዕድ የማይቀርብ ሰው ጀበናቸውን ግን ይፈልገዋል። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል ሄዱ። አሁን ያቺ አንበሳ በየስቲከሩ ላይ አለች። ሥሯ ምን ይላል? «የጎንደር ጥበብ»። የሠሪዎቹ ስም ግን የለም።

ልጄ፣ ያንተንም ልጠይቅህ። አንድ ቲሸርት ስትሸጥ ለደብሩ ስንት ታስገባለህ?

ባለ ስክሪኑ፦
ምንም። እውነቱን ልናገር፣ አስቤውም አላውቅ።

የወለቃዋ፦
በል እንግዲህ።

የሕግ ተማሪ፦
እታለም፣ በሕግ ግን እንዲከፍል የሚያስገድደው…

የወለቃዋ፦
ሕግ አልጠየቅኩም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እኔ ከእሷ ጋር ነኝ፣ ግን በአንድ ነገር እለያለሁ። ገንዘብ ቢያስገባም መልአኩ ብርሌ ላይ አይገባም። አሥራት ከፍሎ ማዋረድ የለም።

ባለ ስክሪኑ፦
ማታ በሱቅ ቁጭ ብዬ እትዬ እንዳሉት ሞከርኩ። ፎቶውን ዘጋሁ። በእጄ፣ በእርሳስ፣ ከአእምሮዬ አዲስ ፊት ልሥል አልኩ። የመጀመሪያው የካርቱን ልጅ ሆነ። ሁለተኛው ጎረቤቴን መሰለ። አራተኛው ላይ ተውኩት። ያ ሠዓሊ በዚያ ሁሉ ፊት ውስጥ አንዱን ከሌላው ለየት አድርጎ እንዴት ሠራው? እስካሁን የሸጥኩት የማን ጉልበት እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ሰዓሊዋ፦
በርታ። ከፊት አትጀምር፣ ፊት መጨረሻ ነው። ከሐረግ ጀምር። የብራና መጽሐፍ አናት ላይ የሚጠላለፈውን ጌጥ አንድ ወር ብቻ በእጅህ ተለማመደው። እሱ ቅዱስ ፊት የለውም፣ ማንም አይቆጣህም፣ ለዲዛይን ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ቀጥሎ ጉልሕ የሚባለውን የጎንደር ዘመን ቁም ጽሕፈት ተመልከት። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ክታብ ላይ ያሉትን ዓይኖችና መስመሮች ሲያጠና ነው የራሱን ዓለም የፈጠረው። ክታብ አላተመም።

አስጎብኚው፦
ለጠጅ ቤቱ እኔ ሐሳብ አለኝ። መልአኩን ተወው፣ ንብ አድርግለት!

በ1880 የሱዳኑ ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል አብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ጠፋ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ወሬ ምን ይላል? የንብ መንጋ ከግቢው ወጥቶ ጠላትን አባረረ። ቅዱስ ሚካኤልም በሰይፍ በሩ ላይ ቆመ ይላሉ። ሚካኤልን ለቤተ ክርስቲያን ተወው። ንብና ጠጅ ግን የሥጋ ዘመድ ናቸው። ያለ ማር ጠጅ የለም።

የአዘዞ ልጅ፦
አያ አስጎብኚ ዛሬ ለራሱ የዕድሜ ልክ ነጻ ጠጅ አገኘ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ንብ… እሺ። ንብ ላይ የምለው የለኝም። በሩ ላይ የቤተ ክርስቲያኑን ስም እንዳይጽፍ ብቻ።

የወለቃዋ፦
ብርሌውንስ ማን ይሠራዋል? በሸክላ ዋንጫ ቢሆን እኔ አለሁ።

ባለ ስክሪኑ፦
ከአራት ቀን በኋላ ተመለስኩ።

ደንበኛዬ ንቡን ወደደው። እንዲያውም «ይኼ ይሻላል፣ ሚስቴም መልአኩን ፈርታ ነበር» አለኝ። የሸክላውን ዋንጫም እናያለን ብሏል፣ እታለም፣ ስልኩን በውስጥ እልክልሻለሁ። ሠላሳ ስምንት ቲሸርት ሱቅ ውስጥ ተቆልሎ አለ። እሱን ምን እንደማደርገው ገና አልቆረጥኩም። አልዋሽም፣ የቤት ኪራይ ደርሷል።

ንቡን ቤት ውስጥ በላፕቶፕ ስሠራ እናቴ ቡና ይዛ ከኋላዬ ቆመች። ዙሪያውን በሐረግ ከብቤዋለሁ፣ ንቧ መሐል ላይ በጎን ትበራለች። አየችው፣ አየችው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ።

«ምነው፣ አንድ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው?»

በጎን ስለሣልኳት ነው አልኳት።

«በቤተ ክርስቲያን በጎን የሚሣለው ሰይጣንና ይሁዳ ነው። ምን አድርጋህ ነው?»

አሁን ፊቷን ወደ ሰው እያዞርኳት ነው። ሁለቱም ዓይን ይታያል።