አሠሪ ለካንሰር ምርመራ የሚከፈልበት ቀን እንዲሰጥ ሕግ ያስገድደው? (ክርክር፣ ጅማ)

የመጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ፣ ፈረንጅ አራዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሠሪ በዓመት አንድ ቀን ለካንሰር ቅድመ ምርመራ ከነክፍያው እንዲሰጥ ይገደድ? እኔ ይገደድ ባይ ነኝ። የምሠራበት ቡና መጋዘን ለቃሚዎቹ ሴቶች ናቸው። የሚከፈላቸው በለቀሙት ልክ ነው። ከቀሩ የዚያ ቀን ገቢ የለም። አንዷ ያለጊዜው እየደማት ወራት ቆየች። «ይሄ ለቀማ ይለቅና እሄዳለሁ» ትለኝ ነበር። ስትሄድ የማኅፀን በር ካንሰር ተባለች፣ ያውም ከተስፋፋ በኋላ። ልጆቿን ሳይ አንጀቴ ይላወሳል።

የመጋዘን ባለቤት፦
እግዜር ይማራት። ሕጉን ግን አልደግፍም። ለቃሚዋ ዛሬ እኔ ጋ ናት፣ ነገ ሌላ መጋዘን። የማን ሠራተኛ ተብላ ነው የሚከፈላት? ግብር የምንከፍለው ጤናን መንግሥት እንዲሸፍን ነው። ደግሞ ሴት መቅጠር ወጪ አለው ከተባለ፣ አንዳንዱ ሴት መቅጠሩን ይተወዋል። የሚጎዱት እነሱው ናቸው።

ነርስ፦
ጋሼ፣ ሙሉ ቀን እኮ አያስፈልግም። የማኅፀን በር ምርመራው የደቂቃዎች ነው። አሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ ውስጥ ያለው ማለት ነው) ይቀባል፣ ነጣ ያለ ቦታ ካለ ይታያል። ውጤቱ ወዲያው ይነገራል። ቅድመ ካንሰር ከተገኘ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል። በአገራችን በዋናነት የሚመረመሩት ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ናቸው። የኤችፒቪ (የማኅፀን በር ካንሰር አምጪው ቫይረስ) ክትባት በ2011 ሲጀመር ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር። ለእናቶቻቸው አልደረሰላቸውም። ለእነሱ ያለው ምርመራው ነው። ግማሽ ቀን ይበቃል።

አናጺ፣ ሂርማታ፦
ስለ ብናኝ የሚያነሳ ጠፋ? የጅማን ወንበርና በርጩማ አገር ያውቀዋል። የሚሠራው ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ሰጋቱራ ሲተነፍስ ይውላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ነገሮች ጋር መድቦታል። የሚያጠቃው አፍንጫንና በዙሪያው ያሉትን ክፍተቶች ነው። ለዚህ ደግሞ እንደ ማኅፀን በሩ ያለ ቅድመ ምርመራ የለም። የምርመራ ቀን ቢሰጠኝ ምን እመረመርበታለሁ? ለእኔ መጀመሪያ ብናኙ ይቀነስ። መሳቢያ ማሽን ቢወደድ እንኳ ደጅ ወጥቶ መላግ፣ ከመጥረግ በፊት ውሃ ማርከፍከፍ፣ ደህና ማስክ መስጠት ይቻላል። ሲጋራም አለ። አዋጅ 1112/2011 በዝግ የሥራ ቦታ ማጨስ ከልክሏል። እኛ ወርክሾፕ ውስጥ አሁንም ይጨሳል፣ ያውም ሰጋቱራ ላይ ቆሞ።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦
እኔ የሚያስጨንቀኝ ሰው ከታመመ በኋላ ያለው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሕመም ፈቃድ እስከ 6 ወር ነው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ 2 ወር ግማሽ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ክፍያ። የካንሰር ሕክምና ደግሞ ወራት ይፈጃል። ጨረር ብቻውን በሳምንት 5 ቀን እየተመላለሱ ለሳምንታት ሊወሰድ ይችላል። ደግነቱ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል መጥቶልናል፤ ድሮ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ካልሄዱ አይገኝም ነበር። ግን ደመወዙ የተቋረጠበት ሰው የቤት ኪራዩን በምን ይከፍላል? ሕግ ይሻሻል ከተባለ እኔ ከዚህ ነው የምጀምረው።

የመጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ፦
ልክ ነሽ እህቴ። ግን ለቃሚዎቹ እሱም የላቸውም። ቋሚ ስላልሆኑ ካርድ አውጥተው ፈቃድ የሚጠይቁት ሰው የለም። እኔም ግማሽ ቀን ይሁን ብዬ ሐሳቤን አሻሽያለሁ። ክፍያው ባለፈው ሳምንት በለቀሙት አማካይ ይሰላ። መዝገቡ እኔ እጅ ስላለ ከባድ አይደለም።

የመጋዘን ባለቤት፦
ግማሽ ቀን ከሆነ፣ ተራ በተራም ከሆነ፣ እኔ በራሴ መጋዘን እሞክረዋለሁ። ሕጉን ግን አሁንም እቃወማለሁ።

የመጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ፦
እርስዎ ቢፈቅዱ የጎረቤትዎ መጋዘን ላይፈቅድ ይችላል። ሕግ የምለው ለዚህ ነው።

ቡና ለቃሚ፦
ይሄን የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ተራ በተራ ከሆነ፣ ስሜ ተጠርቶ ስወጣ ሁሉም ያየኛል። «ታማለች» ይባላል። በማግስቱ አለቃው ሥራ ይከለክለኛል ብዬ እፈራለሁ። ሁላችንም በአንድ ቀን ብንሄድ ግን እሄዳለሁ። ጎረቤቴንም ይዣት እሄዳለሁ።