አሮጌ አንድሮይድ ላፕቶፕ ለቤተሰብ ልትልኩ ያሰባችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ (ጥቆማ)

እዚህ ፍራንክፈርት የቅዳሜው አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ያቺን ስስ ቶሺባ ኤሲ100 አይታችሁ «አንድሮይድ ናት፣ ቀላል ናት፣ ዋጋዋም ርካሽ ነው፣ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ለገባች እህቴ ልላክላት ወይ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ አንዴ ልመልስ። እኔ ራሴ አለችኝ፣ እስካሁንም ትሰራለች፣ ስለዚህ የምነግራችሁ የሰው ወሬ አይደለም።

አትላኩላት።

ዕቃዋ ግን መጥፎ ሆና አይደለም፣ እኔ በጣም ነው የምወዳት። በ2010 ነው የወጣችው፣ ያው አይፓድ በወጣበት ዓመት፣ ያኔ የስልክ ሲስተም ላፕቶፕ ላይ ማየት ገና አዲስ ነገር ነበር። 870 ግራም ብቻ ናት፣ ጥግዋን በሁለት ጣት ይዛችሁ ስታነሷት ደብተር ያነሳችሁ ነው የሚመስላችሁ፣ ማራገቢያ ስለሌላት ሌሊት ቤተሰብ ተኝቶ ስትጽፉ ከኪቦርዱ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። ፕሮሰሰሯ ቴግራ 2፣ ራሟ 512 ሜጋባይት፣ ስክሪኗ 10.1 ኢንች።

ችግሩ ሲስተሙ ላይ ነው። አንድሮይድ 2.1 ይዛ ወጣች፣ በኋላ 2.2 ተለቀቀላት፣ በቃ እዛው ቀረች። አንድሮይድ ለጣት የተሰራ ነገር ነው፣ የሷ ስክሪን ግን በጣት አይሰራም፣ ሁሉን ነገር በታችፓድ ነው የምትጎትቱት፣ አንዳንዱ አፕ ደግሞ ስልክ ላይ ያለ መስሎት ወደ ጎን ዞሮ ይከፈትና አንገታችሁን አዘንብላችሁ ታነባላችሁ። የጉግል አፕ ማውረጃም አብሯት አልመጣም። ለኛ ሰው ከሁሉም የሚብሰው ግን ፊደሉ ነው፦ 2.2 ላይ የግዕዝ ፎንት ስለሌለ አማርኛው በሙሉ ባዶ ሳጥን በባዶ ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየው። ሩት አድርጎ (ማለት የሲስተሙን ውስጥ የመቀየር ፈቃድ አስከፍቶ) ፎንቱን መተካት ይቻላል፣ እኔ አድርጌዋለሁ፣ ሳጥኖቹ ጠፍተው «ሰላም» የሚለው ቃል ብቅ ሲል ደስታዬን አልረሳውም፣ ግን ልጅቷ ፈተና እያለባት በዚህ እንድትደክም ማድረግ ግፍ ነው። አሁን የኔዋ ላይ ያለው በአንድሮይድ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ሲስተም ነው (ኡቡንቱ 12.04 የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ለሷ ተብሎ ተዘጋጅቶ ነበር)፣ ኢንተርኔት አላገናኛትም፣ እጽፍባታለሁ፣ የጻፍኩትን በኤስዲ ካርድ አወጣለሁ።

አሱስ ትራንስፎርመር ቲኤፍ101 ያገኛችሁም አላችሁ። የ2011 ነው፣ ኪቦርዱ የሚነቀል ታብሌት ነው፣ ታብሌቱ ብቻውን 680 ግራም፣ ከኪቦርዱ ጋር 1.3 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ከቶሺባዋ በብዙ ይሻላል፣ ስክሪኑ በጣት ይሰራል፣ ኪቦርዱ ውስጥ ሁለተኛ ባትሪ አለ፣ እስከ አንድሮይድ 4.0 ድረስም አፕዴት ደርሶታል። ግን ጉግል በ2018 ለ4.0 የሚሰጠውን አገልግሎት አቁሟል፣ ብሮውዘሩም የዛሬ ድረ ገጾችን የደህንነት ግንኙነት ስለማይችል ብዙው አይከፈትለትም። ደግሞ ቻርጀሩ የራሱ ብቻ ነው፣ ሰፊ ባለ 40 ፒን ገመድ፣ የስልክ ቻርጀር አይተካውም። እኔ አንዴ ያለ ገመድ ገዝቼ ሻጩ «የትም ይገኛል» ብሎኝ ሁለት ወር ፈልጌያለሁ። እዚህ እንዲህ ከሆነ እዛ ልጅቷ ከየት ታመጣለች?

ያቺ 7 ኢንች ባለ ቀለም ሚኒ ላፕቶፕ፣ 128 ሜጋባይት ራም ያላት፣ ለልጅ መጫወቻም አትሆንም፣ እለፏት። የ2011ዱ ሳምሰንግ ሲሪስ 5 ክሮምቡክም (ክሮምቡክ ማለት በጉግል ክሮም ሲስተም የሚሰራ ላፕቶፕ ነው) ኪቦርዱ ያምራል ግን አፕዴቱ ከቆመ ቆይቷል።

እኔ ልትላክ የምለው ሌኖቮ ክሮምቡክ ዱዌት ናት፣ የ2020ዋ። ያገለገለ ፈልጉ። ከነ ኪቦርዷና ሽፋኗ 920 ግራም አካባቢ ናት፣ ማለት ከኤሲ100 በ50 ግራም ብቻ ነው የምትበልጠው፣ ራሟ ግን 4 ጊጋ ነው። አፕዴቷ ቢያንስ እስከ 2028 ነው። የአንድሮይድ አፕ ስለምትቀበል ቴሌግራም ይገባል፣ የትምህርቱ ሃንድአውት ሁሉ በቴሌግራም እንደሚላክ ታውቃላችሁ። አማርኛ መጻፊያውም ሴቲንግ ውስጥ አለ። በስልክ ታይፕ ሲ ቻርጀር ቻርጅ ታደርጋለች። ጉድለቷን ልንገራችሁ፦ የኢርፎን ቀዳዳ የላትም፣ ኪቦርዷም በቀኝ በኩል ቁልፎቹ ጠበብ ስለሚሉ እጅ እስኪለምድ ሳምንት ይፈጃል።

አንድ ነገር አደራ፣ እዚህ የሚሸጠው ኪቦርዱ የጀርመን ነው፣ ዋይና ዜድ ቦታ ተቀያይረዋል፣ አገር ቤት በለመደችው እጅ «ዘ» ብላ ስትነካ «የ» ይወጣባታል። ከመላካችሁ በፊት ሴቲንግ ገብታችሁ ወደ አሜሪካ ቀይሩላት፣ ፊደሉን በትንሽ ስቲከር ብትለጥፉበት ደግሞ የበለጠ ነው። የሞዴሉ ቁጥር ግራ ከገባችሁ ጀርባውን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ ቅዳሜ ከሆነ አብሬያችሁ ሄጄ አያለሁ።