የታወቁ ዕቃዎች ሲገጣጠሙ ፓተንት ያሰጣሉ?

ከዚራ፦
አቦ፣ የፓተንት ነገር የምታውቁ ካላችሁ። ከአወዳይ ድሬዳዋ ለሚወርድ ጫት የማቀዝቀዣ ሣጥን ነው። ግድግዳው ድርብ ወንፊት ሽቦ፣ መሀሉ ከሰል፤ ከሰሉን የውሃ ጠብታ ያርሰዋል፣ በሶላር የሚሠራ ትንሽ ፋን አየር ያስገባል። የውስጡ እርጥበት ሲበዛ ሴንሰሩ ውሃውን ይዘጋል፣ ፋኑ ግን ይቀጥላል። «ሁሉም የታወቀ ነው፣ አያልፍም» ይባላል። እውነት ነው?

ጀጎል፦
«የታወቀ» እና «ግልጽ» አንድ አይደሉም፤ «ግልጽ» ማለት ባለሙያ ሳይቸገር የሚደርስበት ነው። አዋጅ 123/1987 የሚጠይቀው በሙያው መካከለኛ ችሎታ ላለው ሰው ግልጽ አለመሆኑን ነው። የፓተንት መርማሪው በጣም የሚቀርባችሁን ቀዳሚ ሥራ፣ ማለትም ከእናንተ በፊት የታወቀውን፣ ያነሳል። የከሰል ማቀዝቀዣ ድሮም አለ፣ ስለዚህ ከሰሉ፣ ወንፊቱና ጠብታው አያኮሩም። ፋኑም እንደዚያው፤ ነፋስ ትነትን እንደሚያፋጥን ልብስ ያሰጣ ሁሉ ያውቃል። በእጃችሁ የሚቀረው የውሃ መዝጊያው ነው። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ እዚህ ላይ የሚጠይቀው «ማድረግ ይችል ነበር?» ሳይሆን «ያደርገው ነበር ወይ?» ብሎ ነው። ሌላ ሰነድ «እርጥበት ሲበዛ ውሃውን ዝጋ» ካለ አለቀ። የሰነዱ ምክር «ፋኑን አጥፋ» ከሆነ ግን የእናንተ በተቃራኒው ስለሄደ ክርክር አላችሁ።

ሳቢያን፦
«ቀዘቀዘ» ብላችሁ አትከራከሩ። ውጪው 35 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 20 በመቶ ሲሆን ትነት ሊያወርድ የሚችለው እስከ 19 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህን ማንም ያሰላዋል። እርጥበቱ 60 በመቶ ሲደርስ ደግሞ ከ28 በታች አይወርድም። ያልተጠበቀ ውጤት ካለ በቅጠሉ ላይ አሳዩ። በአንድ ሰዓት የተቆረጠ ጫት ለሦስት ሣጥን ይከፈል፦ አንዱ ያለ መቆጣጠሪያ፣ አንዱ ፋኑን የሚያጠፋ፣ አንዱ የእናንተ። የክብደት ቅናሹ፣ የጠቆረው ቅጠልና የፈጀው ውሃ በየሰዓቱ ይመዝገብ። ግድግዳው 10 ሳንቲሜትር ነው ማለት ብቻውን ክሌም (ጥበቃ የሚጠየቅበትን የሚገልጸው አንቀጽ) አያድንም። ጫት በኮባና በእርጥብ ጆንያ መጠቅለሉም ቀዳሚ ሥራ ሆኖ ሊቀርብባችሁ ይችላል።

ጀጎል፦
ቁጥር አያድንም ለተባለው፦ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ የያዘው የጤፍ ዱቄት ፓተንት ዱቄቱን በአንድ መለኪያ ይገልጸው ነበር፣ ፎሊንግ ነምበር (የእህሉን የኢንዛይም እንቅስቃሴ የሚያሳይ ቁጥር) 250 እና ከዚያ በላይ እያለ። በ2018 እ.ኤ.አ. የሄግ ፍርድ ቤት የኔዘርላንዱን ፓተንት በፈጠራ ብቃት ማነስ፣ ማለትም ግልጽ ነው ብሎ፣ ውድቅ አደረገው።

ከዚራ፦
ታዲያ ክሌም 1 ላይ ከሰሉን ትተን መዝጊያውን ብቻ እንጻፍ?

ጀጎል፦
አይሆንም፤ ከሰሉ «የታወቀ» ከሚለው ክፍል ይግባ፣ መዝጊያውና ፋኑ መቀጠሉ ከዚያ በኋላ ይከተሉ። ሙከራው ካልረዳችሁ የአነስተኛ ፈጠራ ሰርተፍኬት አለ፤ አዲስነት ይጠይቃል እንጂ ይህን የግልጽነት ፈተና አያነሳም።