ዕድሜው በውል ለማይታወቅ ልጅ የመተንፈሻ ቲዩብ ቁጥር በአልትራሳውንድ መምረጥ

ጥያቄ (አንስቴቲስት፣ ጅማ)
ሰላም ባልደረቦች። ከደዶ፣ ከሰቃና ከሊሙ የሚመጡ ወላጆችን የልጁን ዕድሜ ስንጠይቅ «አምስት ወይ ስድስት ዓመት ይሆነዋል፣ ቡና ለቀማ ላይ ነው የተወለደው» ይሉናል። ልጁ ከቀጨጨ ደግሞ በዓይን መገመትም ያስቸግራል። ዕድሜን ለ4 አካፍሎ፣ ካፍ (ቲዩቡ ዙሪያ ያለ፣ በአየር የሚሞላ ፊኛ) ለሌለው ቲዩብ 4፣ ካፍ ላለው 3.5 መደመር የሚለው ቀመር እዚህ ላይ አይያዝም። ለነርቭ ብሎክ የምንጠቀምበት ሊኒየር ፕሮብ (ፊቱ ቀጥ ያለ፣ ቆዳ ላይ የሚያርፍ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ጫፍ) አለን። የመተንፈሻው ስፋት ክሪኮይድ (ከድምፅ አውታሮች በታች ያለው የካርቲሌጅ፣ ማለትም የልም አጥንት፣ ቀለበት) ላይ እንዴት ነው የሚለካው? የተገኘው ሚሊ ሜትርስ ወደ ቲዩብ ቁጥር እንዴት ይቀየራል?

መልስ 1
ልጁ በደንብ ከተኛ በኋላ ለኩ፤ እየዋጠና እያለቀሰ የተወሰደ ልክ አይታመንም። ትከሻው ሥር ቀጭን ጨርቅ አድርጋችሁ ጭንቅላቱን ቀጥ፣ በትንሹም ቀና አድርጉት። ጥልቀቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ጄሉን አብዙ፤ የሕፃን አንገት አጭርና ክብ ስለሆነ የፕሮቡ ዳርና ዳር ቆዳውን አይነካም፣ ክፍተቱን የሚሞላው ጄሉ ነው።

ፕሮቡን አንገቱ መሃል ላይ አግድም አሳርፉና መጀመሪያ የድምፅ አውታሮቹን ፈልጉ። ጥንድ ነጭ መስመሮች ናቸው፤ ልጁ በራሱ የሚተነፍስ ከሆነ ሲከፈቱና ሲዘጉ ይታያሉ። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ ታች ውረዱ። የታይሮይድ ካርቲሌጅ የተገለበጠ «ቪ» ጠፍቶ ጠቆር ያለ ቅስት ሲመጣ ክሪኮይድ ላይ ናችሁ። ከቅስቱ በውስጥ በኩል የሚያበራው መስመር አየርና ሙኮሳ (የመተንፈሻው የውስጥ ሽፋን) የሚገናኙበት ነው። ምስሉን አቁማችሁ ከግራው ነጭ ጠርዝ እስከ ቀኙ ለኩ። ከፊት ወደ ኋላ ለመለካት አትሞክሩ፤ ከአየሩ ኋላ ያለው ሁሉ ጥላ ነው።

ልኩ የሚበላሸው ባብዛኛው በእጅ ነው። ፕሮቡን ከተጫናችሁት የሕፃኑ ካርቲሌጅ ለስላሳ ስለሆነ ቅርጹ ይለወጣል፤ ካዘነበላችሁት ሰያፍ ስለሚቆርጥ ልኩ ይዛባል፤ ብዙ ከወረዳችሁ የምትለኩት ትራኪያን (ከክሪኮይድ በታች ያለውን የአየር ቧንቧ) ነው። ፒፕ ወይም ሲፓፕ (መተንፈሻው ውስጥ ሳይቋረጥ የሚቆይ የአየር ግፊት) ላይ እያለም አትለኩ፤ ግፊቱ መተንፈሻውን ሊያሰፋው ይችላል። ቫልቩን ከፍታችሁ በትንፋሽ ማብቂያ ላይ ያዙት፤ ሕፃናት ኦክስጅን ቶሎ ስለሚወርድባቸው ግን አታራዝሙት።

መልስ 2
እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩ ላይ ነው። አልትራሳውንዱ የሚሰጣችሁ ከቲዩቡ የውጭ ዲያሜትር ጋር የሚነጻጸር ልክ ነው፤ 4.5 የምንለው ግን የውስጡ ነው። የውጩም ቲዩቡ ላይ ተጽፏል። ያው 4.5 እንደ ፋብሪካው በውጭ 6.0 ወይም 6.2 ሊሆን ይችላል። ልካችሁ 6.1 ከሆነ የመጀመሪያው ያልፋል፣ ሁለተኛው ይጠብቃል። ስለዚህ ስቶራችሁ ውስጥ ያሉትን የእያንዳንዱን የውጭ ልክ ጽፋችሁ ማደንዘዣ ማሽኑ ላይ ለጥፉ።

ካፍ ካለው፣ አየር ባይሞላም የታጠፈው ፕላስቲክ ውፍረት ስለሚጨምር ከልኩ ዝቅ ያለውን ምረጡ። ልኬቱ ራሱም በጥቂት አስረኛ ሚሊ ሜትር ሊለያይ ይችላልና በግማሽ ቁጥር ከፍና ዝቅ ያሉትንም አዘጋጁ።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ካፍ ያለው ቲዩብ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ካፍ የሌለውን ካስገባን በኋላ ልክ መሆኑን በምን እናረጋግጥ? ዕድሜው ካልታወቀ ጥልቀቱስ?

መልስ 3
ግፊቱን ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ አንገቱ ላይ በስቴቶስኮፕ አዳምጡ። ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ውኃ ባለው ግፊት መካከል አየር ቢያፈስ ጥሩ ነው። ከ10 በታች ካፈሰሰ በግማሽ ጨምሩ። 30 ደርሶም ካላፈሰሰ ቀንሱ፤ «ገብቷል፣ ይቆይ» አይባልም። ክሪኮይድ ሙሉ ቀለበት ስለሆነ እብጠት ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይሄድም። 4 ሚሊ ሜትር በሆነ መተንፈሻ ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ቢያብጥ አየር የሚያልፍበት ቦታ ወደ ሩብ ይወርዳል። ካፍ ያለው ከሆነ የካፉን ግፊት በማኖሜትር (በግፊት መለኪያ) ከ20 ሴንቲ ሜትር ውኃ አታሳልፉ፤ ናይትረስ ኦክሳይድ (የማደንዘዣ ጋዝ) ከሰጣችሁ ስለሚጨምር ደጋግማችሁ ለኩ።

ሆዱ ሙሉ የሆነ ወይም ኦክስጅኑ እየወረደ ያለ ልጅ ላይ ፕሮብ ፍለጋ አትሂዱ። በግምት አስገቡ፤ ትንሽ ቲዩብ በኋላ ይቀየራል።

ለጥልቀቱ የውስጡን ቁጥር በ3 አባዙ፤ 4.5 ከሆነ ከንፈር ላይ 13.5 ሴንቲ ሜትር። ይህ መነሻ ነው። በካፕኖግራፍ (በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚለካው መሣሪያ) አረጋግጡ፣ ሁለቱንም ሳንባ አዳምጡ፤ ልጁን ባዞራችሁ ቁጥርም ድገሙት፤ አንገቱ ሲታጠፍ ቲዩቡ ወደ ውስጥ ይገባል።