«ለራሱ ሲባል ነው ለብቻው ያደረግነው»፦ ጥበቃ ነው ወይስ ቅጣት?

የሆጤ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የአክስቴ ልጅ ታስሯል። የት እንደሆነ ልተወው። የዛሬ ሁለት ሳምንት ስንቅ ይዤ ሄድኩ። «ዛሬ አይጠየቅም፣ ለብቻው ነው ያለው» አሉኝ። ምን አጥፍቶ? አልኩ። «ምንም አላጠፋም። መኖር ሰልችቶኛል ሲል ሰምተውት ነው። ለራሱ ሲባል ነው» አሉኝ። ሳህኑን እንደያዝኩ ተመለስኩ። ባጃጅ መያዙን እንኳ ረስቼ እስከ ፒያሳ በእግሬ መጣሁ። እስቲ ተከራከሩልኝ። ሞት የተመኘን ሰው ብቻውን መቆለፍ ጥበቃ ነው ወይስ ቅጣት? ስድብ የለም። የፖለቲካ ጉዳይም አይደለም፣ ወደዚያ እንዳትወስዱት።

ቦርከና፦
አይዞህ ወንድሜ። ግን ፊት ለፊት ልናገር። ከሰው ጋር ቢተዉትና ሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠር፣ ነገ እዚሁ መጥተህ «እየተናገረ ዝም አሉት» አትልም? ለብቻው ሲሆን ቢያንስ በእጁ የሚጎዳው ነገር የለም። እኔ ኃላፊ ብሆን እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው።

የሰኞ ገበያዋ፦
ሰው ሲሞትብን ሐዘንተኛውን ብቻውን እናሳድረዋለን? ፍራሽ አንጥፈን አብረነው የምናድረው ለምን ይመስላችኋል? የከፋው ሰው ብቻውን አይተውም። ይሄን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

ጡረተኛው፦
እህቴ፣ ልቅሶ ቤት በሩ አይቆለፍም። ልዩነቱ እሱ ነው።

እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ጠባቂ ነበርኩ። የሌሊቱን ነገር ልንገራችሁ። በሩ አንዴ ከተቆለፈ ያለ አለቃ ትእዛዝ አይከፈትም። ታራሚው ጎን ለጎን ነው የሚተኛው። ውስጡን የሚያስተዳድረው ካቦው ነው፣ እኔ ከውጭ ነኝ። አንድ ልጅ «ልሞት ነው» አለ ሲባል ሦስት መንገድ አለኝ። እዚያው መተው፣ ሆስፒታል መውሰድ፣ ለብቻ ማድረግ። ለሆስፒታሉ መኪና ያስፈልጋል፣ ሁለት አጃቢ ያስፈልጋል፣ አልጋም ያስፈልጋል። ሦስቱ በአንድ ሌሊት ተሟልተው ያገኘሁበትን ቀን አላስታውስም። ስለዚህ ለብቻ።

ደግሞ እውነቱን ከጠየቃችሁኝ፣ ለብቻ የምናደርገው እሱን ለማዳን ብቻ አልነበረም። እኛም እንዳንጠየቅ ነው።

የሆጤ ልጅ፦
ጋሼ፣ ስላልደበቁን አመሰግናለሁ። የመጨረሻዋ ግን አመመችኝ።

ሲስተር፦
በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው የምሠራው። ሁለት ነገር እየተደባለቀ ነው። ክትትል ሌላ፣ ነጥሎ መቆለፍ ሌላ። ራሱን ይጎዳል ብለን የሰጋነው ሰው ሲተኛ መጀመሪያ የምንጠይቀው አስታማሚ ነው። እናቱ ወይም ወንድሙ አልጋው ሥር ይቀመጣል። የሚጎዳውን ነገር ከአጠገቡ እናነሳለን፣ ሰው ግን እንጨምራለን። ማረሚያ ቤት ሲሆን ዕቃውንም ሰውንም አብረው ያነሱበታል።

ቁጥር ለሚወድ አንድ ልጨምር። በኒውዮርክ ከተማ እስር ቤቶች የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ከ2010 እስከ 2012 የተመዘገቡ 244,699 እስሮችን ነው ያየው። ለብቻ መታሰር የደረሰባቸው 7.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ራስን ከመጉዳት ድርጊቶች ግን 53.3 በመቶውን የፈጸሙት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ቦርከና፦
ሲስተር፣ ይቅርታ፣ ቁጥሩ እንደዚያ አይነበብም። መጀመሪያውኑ የተረበሸ ሰው ነው ለብቻ የሚገባው። ሆስፒታል የገባ ሰው ብዙ ይሞታል ብዬ ሆስፒታል ገዳይ ነው ልበል?

ሲስተር፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። አጥኚዎቹም አስበውበታል። ከባድ የአእምሮ ሕመምን፣ ዕድሜን፣ የእስሩን ርዝመት ለይተው አስልተዋል። ከዚያ በኋላም ልዩነቱ ሰፊ ነበር። በርግጥ አንዳንዱ ከዚያ ክፍል ለመውጣት ሲል ራሱን የሚጎዳ አለ። እሱም ቢሆን ስለ ክፍሉ የሚናገረው ነገር አለ።

ጠበቃው፦
«ለራሱ ሲባል» የሚለው ቃል አዲስ አይደለም። ለብቻ ማሰር ራሱ በደግነት ነው የተጀመረው። ፊላደልፊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1829 የተከፈተ ትልቅ ወኅኒ ነበር። ሐሳቡ የሃይማኖተኞች ነው። ጥፋተኛው ጭር ባለ ክፍል ከአምላኩ ጋር ብቻውን ሲሆን ይጸጸታል ብለው አሰቡ። በ1890 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለዚህ አሠራር ሲጽፍ፣ አጭር ጊዜ ከቆዩት እንኳ ብዙዎቹ እንደ ደነዘዙ፣ ሌሎች እንዳበዱ፣ ሌሎች ደግሞ ራሳቸውን እንዳጠፉ ገልጿል። ከመቶ ዓመት በፊት የታወቀ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ እስረኞች አያያዝ የሚደነግጉትን የኔልሰን ማንዴላ ደንቦችን አጽድቋል። በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ትርጉም ያለው የሰው ግንኙነት ሳይኖር መቆየት ለብቻ መታሰር ይባላል። ከ15 ተከታታይ ቀን መብለጥ የለበትም። ሕመሙን የሚያብስበት ከሆነ ደግሞ የአእምሮ ችግር ያለበት ሰው ጭራሽ እንደዚያ አይታሰርም። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21ም የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዱ፣ ከጓደኛው፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት ይሰጠዋል። የሆጤ ልጅ፣ ስንቅህ የተመለሰው ከዚህ ጋር ተጋጭቶ ነው።

ቦርከና፦
ወረቀት ላይማ ሁሉም አለ። ሌሊት በር ላይ የሚቆመው ግን ጋሼ ናቸው እንጂ የተባበሩት መንግሥታት አይደለም።

የጦሳው፦
ኤፕስታይንን፣ ኒውዮርክ ታስሮ የነበረውን አሜሪካዊ ባለሀብት፣ ረሳችሁት? እ.ኤ.አ. በ2019 ራሱን እንዳያጠፋ ከተደረገበት ልዩ ክትትል ካወጡት በኋላ ብቻውን እንዳያድር ታዞ ነበር። አብሮት የነበረው እስረኛ ነሐሴ 9 በፈረንጅ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ሌላ ሰው አልተተካም። ጠባቂዎቹም በየግማሽ ሰዓቱ ማየት ሲገባቸው አላዩም። በማግስቱ ጠዋት ሞቶ ተገኘ።

ቦርከና፦
እሱማ ተገድሎ ነው ይላሉ 😄

የሆጤ ልጅ፦
ኧረ ወደዚያ አንግባ በናታችሁ።

ወጣሁ፦
ብዙ ጊዜ እዚህ አልጽፍም። እኔ ታስሬ ነበር። በድብድብ ምክንያት ዘጠኝ ቀን ጨለማ ቤት ገብቻለሁ። ማንም ያልተናገረውን ልናገር፦ የመጀመሪያው ቀን ደስ አለኝ። ከብዙ ሰው ጋር ተጣብቆ ወራት ያደረ ሰው ጭር ያለ ነገር ይናፍቀዋል። እንደ ሕፃን ተኛሁ። በሁለተኛውም ቀን ደህና ነበርኩ።

ከሦስተኛው በኋላ ነው ነገር የተበላሸው። ሰዓት የማውቀው በአዛን ነበር። አንድ ቀን የመግሪብን አዛን ሰምቼ የሱብሒ ነው ብዬ ተከራከርኩ። ከማን ጋር? ከራሴ ጋር። ምግብ የሚያቀብለኝን ሰው ፊቱን አላየሁትም፣ እጁን ግን በጥፍሩ ለየሁት። አውራ ጣቱ የተሰነጠቀው ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ «እንዴት አደርክ» ይላል። ሌላኛው ዝም ነው። በስድስተኛው ቀን የመጣብኝን ሐሳብ እዚህ አልጽፈውም። እኔ ስገባ ሞትን አስቤው የማላውቅ ሰው ነበርኩ። አስቦ የገባው እንዴት እንደሚሆን እናንተ ገምቱ።

የሰኞ ገበያዋ፦
አብሽር የኔ ልጅ። እንኳን ወጣህ።

ቦርከና፦
ወጣሁ፣ ቃልህን አከብራለሁ። ግን አንድ ጥያቄ። አንተ ጋ አንድ ልሞት የሚል ልጅ አምጥተው «ጠብቀው» ቢሉህ ትተኛ ነበር? ታራሚው የራሱ ጭንቀት አለበት። እሱን አስታማሚ ማድረግስ ፍትሕ ነው?

ወጣሁ፦
አልተኛም ነበር። ግን እምቢም አልልም።

ሲስተር፦
የቦርከና ጥያቄ ቀላል አይደለም። እንግሊዞቹ የሞከሩት አለ። ዌልስ ውስጥ ስዋንሲ በሚባል እስር ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው የተጀመረው። ታራሚዎች በፈቃዳቸው ይሠለጥናሉ፣ የተጨነቀውን ታራሚ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ። ጠባቂ አይሆኑም፣ ኃላፊነቱም አይጫንባቸውም። ለእነሱም የሚያዳምጣቸው ሰው አለ። ቁም ነገሩ ፈቃድና ሥልጠና ነው። ካቦው በትእዛዝ «አንተ ጠብቀው» ካለማ ሌላ እስር ነው።

ጡረተኛው፦
ይቅርታ፣ መብራት ጠፍቶ ነበር። ሥልጠና ባይኖርም እኛም ያደረግነው ነበር። በእኔ ጊዜ ሁለት እንደዚህ ያሉ ልጆች ገጥመውኛል። አንዱን ለብቻ አደረግነው። ሌላው ጋ ግን አንድ ሽማግሌ ታራሚ «እኔ ጋ አምጡት» አሉ። ፍራሻቸውን አጠገቡ አነጠፉ። ሌሊት ሲያስነጥስ እንኳ «ይማርህ» ይሉታል። እኔ ዘመዶቹ ከሳምንቱ ቀን ውጭም እንዲገቡ አለቃዬን ለመንኩ፣ ፈቀደ። ሁለቱም ተፈትተው ዛሬ በሕይወት አሉ፣ አልሐምዱሊላህ። ሽማግሌው ጋ ያደረው መንገድ ላይ ሲያየኝ ሰላም ይለኛል። ለብቻ ያደረግነው ግን አሻግሮ ካየኝ መንገድ ይቀይራል።

ቦርከና፣ አንተም ትክክል ነህ። ለብቻ ያደረግነውም አልሞተም። እኔ ግን ዛሬ ቢሆን አላደርገውም። የግድ ቢሆን እንኳ ለአንድ ሌሊት፣ ሰው በሩ ላይ ተቀምጦ እያወራው፣ ጠዋት ሐኪም ጋ። ጠያቂ መከልከልማ ትልቅ ስህተት ነው።

ቦርከና፦
ለአንድ ሌሊት ከሆነ እስማማለሁ። መጀመሪያም ያልኩት እሱን ነው።

ጠበቃው፦
አላልክም 😄 ግን ይሁን። የሆጤ ልጅ፣ ሐኪም እንዲያየው ጥያቄውን በጽሑፍ አስገባ፣ ቅጂውን ያዝ። በቃል ብቻ እንዳታልፈው።

የሆጤ ልጅ፦
እሁድ እሄዳለሁ። ካስገቡኝ ምን እንደምለው ግን አላውቅም። ሲስተር፣ ስለሞት ባነሳበት አብስበታለሁ ብዬ ፈራሁ።

ሲስተር፦
አታብስበትም። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?» ብለህ በግልጽ ጠይቀው። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ብዙ ጊዜ ቀለል ይላቸዋል። ከዚያ አትምከረው፣ አታስፈራራው፣ «ኃጢአት ነው» ብለህም አትጀምር። ስማው። አዎ ካለህ ለኃላፊውና ለክሊኒኩ ሳትነግር ከግቢው እንዳትወጣ።

የሆጤ ልጅ፦
እሺ። ጭኮ ይወዳል፣ እናቴ ዛሬ እያዘጋጀች ነው።

ወጣሁ፦
ከቻልክ ሁለት ሰው የሚበቃ አድርገው። ብቻውን እንዳይበላ።