ለቦኖ ውሃ ዕቅድ ክፍት መረጃ፦ ለሐዋሳ የትኛውን የሕዝብ ቁጥር እንያዝ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ላይ ለሚተከሉ አዳዲስ ቦኖዎች ቦታ እየመረጥን ነው። በእጃችን ያለው የደንበኞች መዝገብ ቧንቧ የገባለትን እንጂ ያልገባለትን ሰፈር አያሳይም። ስለዚህ በነፃ የተለቀቁ መረጃዎችን ልንጨምርበት አሰብን። ከ1999ኙ ቆጠራ ግን አንዱ ሰንጠረዥ 157 ሺህ ገደማ፣ ሌላው 258 ሺህ ገደማ ይላል። የቱን እንያዝ? ወይስ ለየቢሮው ደብዳቤ ጽፎ መጠየቁ ይሻላል?

መልስ 1
ሁለቱም ልክ ናቸው። 157 ሺህ የከተማው ነዋሪ ብቻ ነው፤ 258,808 ደግሞ በከተማ አስተዳደሩ ሥር ያሉትን የገጠር ቀበሌዎችም ይጨምራል። ልዩነቱን እንደ ቀላል አትዩት። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (2008–2012) መለኪያ ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሕዝብ ላለው ከተማ በሰው በቀን 80 ሊትር፣ ለገጠር 25 ሊትር ይያዝ ነበር። 101 ሺህውን የገጠር ሰው በ80 ብታባዙት በቀን 8 ሺህ ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በ25 ግን 2,500 ገደማ ነው። ጉድጓድና ፓምፕ የሚገዛው በዚህ ቁጥር ነው!

ከ1999 ወዲህ ቆጠራ ስላልተካሄደ ለዛሬ የስታቲስቲክስ አገልግሎትን ትንበያ ውሰዱ፤ የትንበያውን ዓመትም ከቁጥሩ ጎን ጻፉ።

መልስ 2
ሰንጠረዦቹን በስም አታገናኙ። ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ እየተባለ ስለሚጻፍ ግማሹ መስመር ሳይገጥም ይቀራል፤ የአስተዳደር ወሰን ኮድ (ለየክልሉ፣ ለየወረዳውና ለየቀበሌው የተሰጠውን መለያ ቁጥር) ተጠቀሙ። እሱም ቢሆን ሲዳማ በ2012 ክልል ከመሆኑ በፊት የተዘጋጀ ከሆነ ሐዋሳን በደቡብ ክልል ሥር ነው የሚያስቀምጠው፤ የድሮውንና የአዲሱን ኮድ የሚያዛምድ አንድ ሰንጠረዥ ቀድማችሁ ሥሩ።

ለቦታ መረጣው ከሳተላይት የተለዩ የሕንፃ ቅርጾችን በኪውጂስ (ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ነው) ክፈቱና የቀበሌውን ሕዝብ በሕንፃዎቹ ስፋት ልክ አከፋፍሉ። መጋዘንና ፋብሪካን ማውጣት እንዳትረሱ፤ አለዚያ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሰው የተጨናነቀ ሰፈር ይመስላል። የእግር ርቀቱን በቀጥታ መስመር ሳይሆን ኦፕን ስትሪት ማፕ በተባለው ነፃ ካርታ ላይ ባሉ መንገዶች ለኩ። የቆየ ካርታ አዲንዳን በተባለው፣ ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በተባለው የቦታ መለኪያ ሥርዓት ስለሚሠራ ሳትቀይሩ ከደረባችኋቸው ቦኖው 200 ሜትር ገደማ ተንሸራቶ ሌላ መንደር ላይ ይወድቃል።

መልስ 3
ስለ ደብዳቤው፦ ክፍት መረጃ የሚመረጠው ስለሚፈጥን ብቻ አይደለም። ጤና፣ ትምህርትና ውሃ የየራሳቸውን የሕዝብ ቁጥር ሲይዙ ሽፋን ከ100 በመቶ በላይ ሆኖ ሪፖርት ይደረጋል። አካፋዩ (የሕዝቡ ቁጥር) ትንሽ ስለተያዘ እንጂ ሥራው ስለበዛ አይደለም። ሁሉም ሊያየው የሚችለው አንድ ቁጥር ካለ ስህተቱን የጎረቤት ቢሮም ያገኘዋል። ደብዳቤ የሚያስፈልገው ላልተለቀቀው ነው፤ ለምሳሌ የመስመር ብልሽት መዝገብ።

ዓመቱንም አስተያዩ። የእኛ 2016 በጀት ዓመት በጎርጎርዮሳውያኑ ከሐምሌ 2023 እስከ ሐምሌ 2024 ነው፤ ከጥር እስከ ታኅሣሥ የተሰበሰበ መረጃ ጋር እንዲሁ አይገጥምም።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ፣ ኮዱንና ወሰኑን ቀድመን እናስተካክላለን። የአማርኛው ፋይል ግን ኤክሴል ላይ ሲከፈት ፊደሉ ይበላሻል።

መልስ 2
በቀጥታ አትክፈቱት። ከዳታ ትር አስገቡትና ኢንኮዲንጉን (ፊደሉ በኮምፒውተር የሚነበብበትን ኮድ) ዩቲኤፍ-8 አድርጉት። የቀበሌ ኮዱን ዓምድ «ጽሑፍ» ካላላችሁት መነሻው ላይ ያለው ዜሮ ይጠፋል።